ሰልካካውና ጎራዳው፦ የውሻ የላይኛው መተንፈሻ መንገድ

የውሻን አፍንጫ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ከሁለቱ ክብ ቀዳዳዎች ሌላ አንድ ነገር ያስተውላል። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ ጎን የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ውሻው ሲያነፈንፍ አየር ከፊት ለፊት ይገባል፤ ሲወጣ ግን በዚያ ስንጥቅ በኩል ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይረጫል። ስለዚህ የሚወጣው ትንፋሽ መሬት ላይ ያለውን ሽታ አይበትነውም፤ እንዲያውም ከፊት ያለውን አዲስ አየር ወደ አፍንጫው ይስባል። ይህ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ጥቁሩና እርጥቡ የአፍንጫ ጫፍ የሽታ ቅንጣቶችን ይዞ ያስቀራል፤ የገጹ ዝንጉርጉር መስመርም እንደ ሰው አሻራ ከውሻ ውሻ ስለሚለያይ ለመለያነት ያገለግላል።

ከቀዳዳው አልፎ ያለው ክፍል መሃሉን በግድግዳ የተከፈለ ጎድጓዳ ቦታ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። በግራም በቀኝም ወረቀት የሚያህሉ ስስ አጥንቶች እንደ ብራና ጥቅል ተጠቅልለው ሞልተውታል። አጥንቶቹን የሚሸፍነው እርጥብ ልባስ በደም ሥር የተሞላ ነው። አየሩ በጥቅሎቹ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ሲያልፍ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ አቧራውም በንፍጡ ይያዛል። ሳንባ ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ቆሻሻ አየር አይወድም፤ ያን ሁሉ የሚያስተካክለው ይህ ከጣት የማይረዝም ጉዞ ነው።

የማሽተቱ ሥራ የሚከናወነው ከዚያም ኋላ፣ ከዓይኖቹ መካከል ገባ ብሎ በሚገኝ ጓዳ ውስጥ ነው። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የአየሩን ፍሰት በኮምፒዩተር ተከታትለውታል። የሚገባው አየር ለሁለት ይከፈላል። አብዛኛው በታችኛው መንገድ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ አንድ ስምንተኛ የሚሆነው ግን በላይኛው መንገድ ወደ ኋላው ጓዳ ይገባል። ስስ የአጥንት ወለል ጓዳውን ከዋናው መንገድ ስለሚለየው ውሻው ሲያስወጣ ትንፋሹ እዚያ ድረስ አይደርስም። ሽታው ጥቂት ይቆያል፤ ነርቮቹም ጊዜ ያገኛሉ። በሰው አፍንጫ ውስጥ እንዲህ ያለ የተለየ ጓዳ የለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሽታ ተቀባይ ሴሎች ብዛት ነው፦ ለሰው አምስት ወይም ስድስት ሚሊዮን፣ ለውሻ ከ125 እስከ 300 ሚሊዮን ይባላል። ቁጥሩ እንደ ዝርያውም እንደ ቆጣሪውም ይለያያል። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው የቤቱ አሠራር ነው።

ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ኋላ፣ በላንቃው ላይ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ በኩል የሚደረስበትን ብልት ዴንማርካዊው ሐኪም ሉድቪግ ያኮብሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ሥራውም እንስሳቱ እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ኬሚካላዊ መልእክት፣ በተለይም የሴት ውሻን ሽንት፣ መለየት ነው። ግንባር ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍሎች፣ እኛ ሳይነስ የምንላቸው፣ በትልልቅ ውሾች ሰፊ፣ በትንንሾቹ እዚህ ግባ የማይባሉ ናቸው።

ሰው ስለ ውሻ አፍንጫ ሲያወራ ሽታን ብቻ ያነሳል፤ ማቀዝቀዣነቱ ይረሳል። ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ስለሆነ ያ ላብ ሰውነቱን አያበርደውም። ሲሞቀው ያለከልካል፤ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት የሚያለከልክ ውሻ በአብዛኛው አየር የሚያስገባው በአፍንጫው፣ የሚያስወጣው በአፉ ነው። አየሩ በእነዚያ ጥቅል አጥንቶች ላይ ሲያልፍ እርጥበቱን ያተናል፤ በውስጣቸው ያለው ደምም ይቀዘቅዛል። የሚተነውን ውሃ ከሚያመነጩት አንዱ በአፍንጫው ጎን ውስጥ የተቀበረ ዕጢ ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ፈሳሹም ይጨምራል። እንግዲህ የአፍንጫው ርዝመት የማቀዝቀዣው ስፋት ነው ማለት ነው። ይህን እንያዝና እንውረድ።

ከአፍንጫው ኋላ የአየርና የምግብ መንገድ የሚገናኙበት ጉሮሮ አለ። ከላይ ለስላሳው ላንቃ ይንጠለጠላል። ውሻ እንጥል የለውም፤ ላንቃው በስስ ጠርዝ ያበቃል፤ ጤነኛ ሲሆን ጠርዙ የማንቁርቱን ክዳን ጫፍ ነክቶ ይቆማል። አንዳንድ ውሻ በዚህ አካባቢ አንድ ነገር ሲያሳክከው አንገቱን ዘርግቶ በአፍንጫው በኃይል ወደ ውስጥ ያናፍሳል። የሚታነቅ ይመስላል። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከደቂቃ ሳይበልጥ ያልፋል። እርሻ ዳር የሚሮጥ ውሻ በድንገት ደጋግሞ ቢያነጥስና ከአንድ ወገን ብቻ ደም ወይም መግል ቢወጣው ነገሩ ሌላ ነው፤ የሣር እሾህ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እሾሁ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም።

ማንቁርት ሐኪሞች ካርቲሌጅ ከሚሉት ለጋ አጥንት የተሠራ በር ነው። ስንውጥ ይዘጋል፣ ስንተነፍስ ይከፈታል፣ ድምፅም ያወጣል፤ በውሻም እንዲሁ። ለመዝጋት ብዙ ጡንቻ አለ። ለመክፈት ግን በየጎኑ ያለው አንድ ጡንቻ ብቻ ነው፤ የሚያዝዘውም ነርቭ መንገዱ ግራ የሚያጋባ ነው፦ ከራስ ቅል ወርዶ፣ የግራው ደረት ውስጥ ገብቶ በልብ ትልቁ ደም ሥር ዞሮ፣ እንደገና አንገትን ይወጣል። እንደ ላብራዶር ያሉ ትልልቅ ውሾች ሲያረጁ ይህ ረጅም ነርቭ ይደክምና በሩ ሳይከፈት ይቀራል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው የጩኸቱ መጎርነን ነው፤ ባለቤት ግን እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል።

ከማንቁርት በታች የአየር ቧንቧው ከ30 በላይ በሆኑ፣ ዙሪያቸውን ባልጨረሱ ቀለበቶች ተደግፎ ወደ ደረት ይወርዳል። እንደ ዮርክሻየር ቴሪየር ባሉ ትንንሽ ዝርያዎች ቀለበቶቹ ይልሙና ቧንቧው ይጨፈለቃል፤ ሳሉም የዝይ ጩኸት ይመስላል። ለእነዚህ አንገት ላይ ከሚታሰር ማሰሪያ ይልቅ ደረት ላይ የሚታጠቅ ይሻላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሰልካካው ነው። የአዲስ አበባ የጎዳና ውሻም፣ በባሌ ተራራ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮም ረዘም ያለ ፊት ይዘው የኖሩት መልካቸውን የመረጠላቸው ሰው ስለሌለ ነው። ለፓግ፣ ለፈረንሳይ ቡልዶግና ለእንግሊዝ ቡልዶግ ግን ሰው መርጦላቸዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፦ አርቢው ያሳጠረው አጥንቱን ነው፤ በውስጡ ያለው ሥጋ አብሮ አላጠረም። የአፍንጫው ቀዳዳ ጠቦ መስመር ብቻ ይሆናል። ጥቅል አጥንቶቹ ቦታ አጥተው ወደ ጉሮሮ ያድጋሉ። ላንቃው ከልኩ አልፎ ማንቁርቱ ላይ ይተኛል። ምላሱ ለአፉ ይበዛበታል። ውሻው አየር ለማግኘት አጥብቆ ሲስብ የመሳቡ ኃይል ራሱ በማንቁርቱ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ከረጢቶች ገልብጦ ወደ መንገዱ ያወጣቸዋል፤ በዓመታት ውስጥም ማንቁርቱ ይደክማል። በቀስታ ለሚፈስ አየር በሚሠራው ስሌት የቧንቧ ወርድ በግማሽ ሲቀንስ መሰናክሉ 16 እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ጥቂት ጥበት ያን ያህል የሚያስጨንቀው።

ማቀዝቀዣውም አብሮ ጠፍቷል። ጎራዳው ውሻ በሙቀት ሲያለከልክ የሚያበርደው ስፋት የለውም፤ የትንፋሹ ጡንቻ ግን በሥራ ብዛት ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል። በርካታ አየር መንገዶች እነዚህን ዝርያዎች በጭነት ክፍል አናሳፍርም የሚሉት ለዚህ ነው። በባህረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ሠርተው ውሻ እንዲያንሸራሽሩ የሚታዘዙ ወገኖቻችንም ቢያውቁት ይበጃል፦ በሙቀቱ ወራት እንዲህ ያለውን ውሻ ከንጋት በኋላ ማውጣት አደጋ ነው።

ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጤናን የሚጎዳ እርባታ ከልክላለች፤ በ2019 ባወጣችው ዝርዝር መለኪያም የአፍንጫ ርዝመት ከራስ ቅሉ ጋር ሲነጻጸርና የቀዳዳው ጥበት ይታያሉ። በኖርዌይ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የኦስሎ ፍርድ ቤት በ2022 የእንግሊዝ ቡልዶግና ካቫሊየር የሚባለው የውሻ ዝርያ እርባታ ሕግ ይጥሳል አለ፤ በይግባኝ ክልከላው ለቡልዶጉ ተነሳ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 ለካቫሊየር አጸናው። በመተንፈሻ መንገድ ብቻ ብፈርድ እኔ ቡልዶጉን አላስመልጠውም ነበር።

ማንኮራፋቱ ያሳስቀኛል የሚል ባለቤት ብዙ ነው። ሐኪሙ ግን ያ ድምፅ የት እንደሚፈጠር ይፈልጋል። መጀመሪያ ጥጥ በየቀዳዳው ፊት ይዞ በሁለቱም በኩል አየር መውጣቱን ያያል። ላንቃውንና ማንቁርቱን ለማየት ማደንዘዝ ግድ ነው። የተረፈውን ላንቃ ማሳጠርና ቀዳዳውን ማስፋት የተለመደ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በወጣትነት ቢሠራ ይመረጣል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ውሻው ሲነቃ ያለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ለቀዶ ሕክምናው የገባው የመተንፈሻ ቱቦ ውሻው ራሱን ቀና አድርጎ ማላመጥ እስኪጀምር ድረስ ከጉሮሮው አይወጣም።