ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና እና እግራችን

የሰቆጣ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነውንና የሕፃናትን መቀንጨር ለመግታት ያለመውን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። የምግብ እጥረት አሁንም የአገራችን ዋና ችግር ነው። በሌላ በኩል ግን ከልክ ባለፈ ውፍረት ጉልበታቸው የታመመ፣ ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና አስቀንሰውም ለበዓል ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚመለሱ ዘመዶች አሉን። የዋግ ኽምራን ዳገትና ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ።

በብዛት ከሚሠሩት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች አንዱ «ስሊቭ» ይባላል፤ ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ይወገዳል። ጥቅሙ በእግር ላይ ቶሎ ይታያል። ከሰውነታችን 1 ኪሎ ሲቀንስ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። 20 ኪሎ የቀነሰ ሰው ጉልበቱ ከ80 ኪሎ ጫና ተገላገለ ማለት ነው። ሆኖም አስቀድሞ ያለቀ የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት ተመልሶ አይተካም።

ከስብ ጋር ጡንቻም ይቀንሳል። ስለዚህ በየማዕዱ አስቀድመው እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ወይም ምስርና ሽሮ ይመገቡ። በየቀኑም ከወንበር እየተነሱ በመቀመጥ ጭንዎን ያጠንክሩ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀስ በቀስም ዳገት ይለማመዱ። ቁልቁለት ጉልበትን ስለሚያስጨንቅ ምርኩዝ ይያዙ። እግር አጣምሮ ለረጅም ጊዜ መቀመጥም ይቅር፤ ስቡ የሳሳበት ነርቭ ተጫጭኖ የእግር መዳፍን ማንሳት ሊያቅት ይችላል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ ግን የሚከተለው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ሊያልቅበት ይችላል፤ ሰውነት የሚያከማቸው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነውና። እግር መደንዘዝ ወይም ማቃጠል፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። «ድካም ነው» ወይም «ጾሙ ነው» ብለው አይለፉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቀዶ ሕክምናውን ማድረግዎን ይናገሩ። ቫይታሚኑ ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ቢገባ ጉዳቱ ሊባባስ ይችላል፤ ሕክምናው ከዘገየም ጉዳቱ ቋሚ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ካመመም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይዘግዩ።

የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ደግሞ ዘግይቶ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ እሱም እግርን ያደነዝዛል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ የሚጾሙ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከዐቢይ ጾም በፊት ሐኪምዎንም የነፍስ አባትዎንም ያማክሩ። የታዘዘልዎትን ቫይታሚን ሻል ስላለዎት አያቋርጡ፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ራቅ ወዳለ ስፍራ ሲጓዙ ለቆይታዎ የሚበቃዎትን ክኒንና የቀዶ ሕክምናውን ማስረጃ ይያዙ።