ከመርከቧ የቀረው ድምፅ

ደብረ ማርቆስ ደጋ ናት፤ ባሕር የሚታይባት አይደለችም። በሰፈራችን ግን አንድ ባሕርተኛ አሉ። በቅርቡ ምራታቸው መጥተው «ጋሼ ግትር ሆነዋል፤ ልጆቹ ሲጠሯቸው ዝም ይላሉ፤ ጎረቤት ወንድ ሲያናግራቸው ግን ይመልሳሉ» አሉኝ። ጡረታ ብወጣም ጎረቤት የነርስነቴን ነገር አልረሳምና ሄድኩ።

ግትር አይደሉም፤ አይሰሙም። «ሞተሩ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል» አሉኝ። ሞተሩ የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ነው።

ይህች መርከብ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ነበረች። አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ በ1944 እ.ኤ.አ. «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች። ሥራዋ ባሕር ላይ የሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖችን መርዳት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ ዘመተች፤ በ1946 እ.ኤ.አ. በቢኪኒ ደሴቶች በተካሄደው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራም ተሰልፋለች። በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። 95 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት፤ የምትሄደውም በናፍጣ ሞተር ነው። ዕጩ መኮንኖች የባሕር ጉዞ የተማሩት በእሷ ላይ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ከእጅ ወጣች፤ በ1983 ዓ.ም. መርከቧ ወደ የመን ተሻገረች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ጋሼ በሞተር ክፍሏ ዓመታት ሠርተዋል። የጆሯቸውን ነገር ላስረዳ። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ረቂቅ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ከባድ ጩኸት ለረጅም ጊዜ ሲመታቸው ይሞታሉ፤ መልሰውም አይበቅሉም። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ የሕፃናትና የብዙ ሴቶች ድምፅ ማለት ነው። ወፍራሙ የወንድ ድምፅ ይቆያል። ቤተሰብ «ሲፈልጉ ነው የሚሰሙት» የሚለው ለዚህ ነው። ወፍጮ ቤት ወይም እንጨት መሰንጠቂያ የሚውሉ ልጆቻችሁም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው፤ ጆሯቸውን ይሸፍኑ።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ አዛውንት ካሉ መጀመሪያ ጤና ተቋም ወስዳችሁ አስመርምሯቸው፤ አንዳንዴ ምክንያቱ የጆሮ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል። የማዳመጫ መሣሪያ የሚረዳቸውም አሉ። ከኋላ አትጥሯቸው፤ አትጩኹባቸውም። ብርሃን ባለበት ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ አናግሯቸው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋ።

የልጅ ልጃቸውን ፊት ለፊታቸው አስቀመጥኳት። ከንፈሯን እያዩ «መርከቧ ትልቅ ነበረች?» የሚለውን ጥያቄዋን ሰሙ። አቦሉ ላይ የጀመሩት ወግ በረካው ሲቀዳም አላለቀም። ምራታቸው ጀበናውን እንደያዙ «ይህን ሁሉ ዓመት መርከብ ላይ እንደነበሩ እንጂ ምን እንዳዩ ጠይቀናቸው አናውቅም» አሉኝ።