የሶላት ሰዓት ማሳያ ገጽ ለምትሠሩ



ድረ ገጽ መሥራት ስንለማመድ ብዙዎቻችን ቶሎ ከምንሞክራቸው ነገሮች አንዱ የሶላት ሰዓት ማሳያ ነው። ቀላል ይመስላል፦ «አዛን» የተባለውን ነፃ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ማስገባት፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ መስጠት፣ ውጤቱን ማሳየት። ችግሩ የሚገባው ሴቲንጉ ላይ ነው፤ በረመዳን ደግሞ የጥቂት ደቂቃ ስህተት ጾም ይነካል።

ቦታውን የአዲስ አበባ አድርጋችሁ አትተዉት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 0.8 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ጎሕ እዚህ 3 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይቀዳል። በአዲስ አበባ ሰዓት ሱሁር የሚበላ ሰው እዚህ ፈጅር ከገባ በኋላም እየበላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኬክሮስ 9.68፣ ኬንትሮስ 39.53 ብላችሁ አስገቡ። ለአንኮበር ኬንትሮሱ 39.73 ነው፤ እሷም እኛን 1 ደቂቃ ገደማ ትቀድመናለች።

ከቦታው በላይ ውጤቱን የሚለውጠው ግን የስሌት ዘዴው ነው። የሙስሊም ወርልድ ሊግ ዘዴ ፈጅርን ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትሆን ይይዛል፤ የግብፁ 19.5 ላይ። በእኛ አካባቢ ይህ የ6 ደቂቃ ያህል ልዩነት ያመጣል። የትኛው እንደሚያዝ የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ፤ ፕሮግራመር ብቻውን የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ዐስርንም ላይብረሪው ካልነገራችሁት በሻፊዒ መዝሀብ ያሰላዋል፤ ለሐነፊ መቀየር አለባችሁ።

ሴኮንዶቹን ስታጠጋጉ ፈጅርን ወደ ታች፣ መግሪብን ወደ ላይ አድርጉ። ለጾመኛ ጥንቃቄው እንዲህ ነው።

ሰርቨራችሁ በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ገጹን የከፈተ ሰው የትናንቱን ቀን ያያል። የሰዓት ክልሉን የአዲስ አበባ አድርጋችሁ በግልጽ ጻፉት፤ የበጋና የክረምት የሰዓት ለውጥ ስለሌለን ሌላ ማስተካከያ አያስፈልገውም።

በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት ሰዓቱ ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፣ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ጻፉ፤ ደቂቃው አይነካም። 18:35 መግሪብ 12:35 ሆኖ ከወጣ ኮዱ ልክ ነው።