በ5 ዋት አህጉር የሚሻገሩ ፕሮግራሞች፦ የአማተር ሬዲዮ ሶፍትዌር ከአቀስታ ሲታይ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ በእጃችሁ ያለው ስማርትፎን ምን ይሆናል? ካሜራ፣ ባትሪ እና ሙዚቃ ማጫወቻ። በቃ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የነበረበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም። እንደ አቀስታ ባለ የደጋ ከተማ ደግሞ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል።

የማንም ቴሌ ማማ ሳያስፈልጋቸው፣ በራሳቸው ሬዲዮና በአንድ ሽቦ አንቴና፣ ከአህጉር አህጉር የሚገናኙ ሰዎች ግን አሉ። አማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ይባላሉ። ነጋዴዎች አይደሉም፤ ከየአገራቸው መንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ወስደው ለመማር፣ ለመሞከርና በአደጋ ጊዜ ለመርዳት የሚሠሩ ናቸው። ዛሬ የሥራቸው ግማሽ የሚከናወነው በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ “ነፃ” የሚል ቃል ስሰማ “ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው?” ማለት ይቀናኛል። እዚህ ግን አብዛኛው ፕሮግራም እውነትም ነፃ ነው። ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ጽፈው፣ ኮዱን ክፍት አድርገው ይሰጣጡታል።

የእኛ ቦታ የት ነው?

ኢትዮጵያ በዚህ ዓለም እንግዳ አይደለችም። በዓለም አቀፍ ድልድል የእኛ የጥሪ ምልክቶች የሚጀምሩት “ኢቲ” በሚሉት ፊደላት ነው። በጣም የሚታወቀው የክለብ ጣቢያ “ኢቲ3ኤኤ” ሲሆን፣ የሚገኘውም 5 ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ ብርቅ ስለሆነ፣ “ኢቲ” የሚል ጥሪ አየር ላይ ሲወጣ የሌላው አገር ሰው ይሻማበታል።

ኤፍቲ8፦ በሹክሹክታ የሚሠራው

ከፕሮግራሞቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ የሚባለውን ነው። የጀመረው ጆ ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ በፈረንጆች 1993 ከራስል ሃልስ ጋር የኖቤል ሽልማት የወሰደው ሰውዬ ማለት ነው። ከሩቅ ኮከብ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ምልክት ሲፈልግ የኖረ ሰው፣ በትርፍ ጊዜው ደካማ ምልክት ከጫጫታ መሀል ለቅሞ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራ። በ2017 ደግሞ ከስቲቭ ፍራንክ ጋር ሆኖ “ኤፍቲ8” የሚባለውን ዘዴ አመጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አጭር መልእክት (የጥሪ ምልክት፣ የቦታ ኮድ፣ “ምን ያህል እየሰማሁህ ነው” የሚል ቁጥር) ወደ 8 ዓይነት ቃናዎች ይቀይርና በሬዲዮ ይልካል። እያንዳንዱ ተራ 15 ሰከንድ ነው፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ያዳምጣል። በጆሯችሁ ብትሰሙት ፉጨት ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይሰማችሁም፣ ፕሮግራሙ ግን ያነበዋል። ለዚህ ነው በ5 ዋት፣ ማለትም አንድ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል በሚበላው ኃይል፣ አየሩ ሲመች አህጉር መሻገር የሚቻለው።

የኢኮኖሚክስ ሰው የሚወደው ሌላ ነገርም አለ። በአጭር ሞገድ አንድ ሰው በድምፅ ሲያወራ ወደ 2,500 ኸርዝ የሚደርስ ቦታ ይይዛል። ኤፍቲ8 የሚይዘው 50 ኸርዝ ገደማ ነው። አንድ ሰው በሚያወራበት ቦታ 50 ሰው ይስተናገዳል ማለት ነው። ሞገድ እንደ ወል ግጦሽ ነው፤ ሁሉም እንዳሻው ከሰደደበት ለማንም አይተርፍም።

ሰዓቱ ላይ ነው ጨዋታው

ተራው 15 ሰከንድ ስለሆነ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከትክክለኛው በአንድ ሰከንድ ገደማ እንኳ መሳት የለበትም። ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ማስተካከል ይቻላል፤ ጂፒኤስ ደግሞ ከሳተላይት እንጂ ከሲም ካርድ አይመጣም።

በዓለም ያሉ ኦፕሬተሮች የሚመዘግቡት በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ለእኛ ቀላል ዘዴ አለ፦ ከጠዋት እስከ ማታ በአበሻ ሰዓት ላይ 3 ደምሩበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ በእነሱ 6 ሰዓት ነው። እኩለ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን 9። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ግን 3 ደምራችሁ 12 ጨምሩበት፤ 16 ሰዓት ይሆናል። የእነሱ አዲስ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ በ9 ሰዓታችን ነው።

አድራሻችን፦ ኬኬ90

በኤፍቲ8 “አቀስታ ነኝ” ብሎ የሚጽፍ የለም። ዓለም በፍርግርግ ተከፍላለች፤ መጀመሪያ በኬንትሮስ 20፣ በኬክሮስ 10 ዲግሪ በሆኑ ትላልቅ ክፍሎች፣ ከዚያ እያንዳንዱ በ100 ትናንሽ ክፍሎች። አቀስታና መካነ ሰላም ሁለቱም የሚወድቁት “ኬኬ90” ውስጥ ነው። ደሴ ከ11 ዲግሪ በላይ ስለሆነች “ኬኬ91” ናት። አዲስ አበባ ደግሞ “ኬጄ99”። በነዚህ አራት ምልክቶች ብቻ፣ ጃፓን ያለው ሰው እናንተን ካርታው ላይ ያገኛችኋል።

ሬዲዮ የሌለው ሰው ከየት ይጀምር?

ከስልኩ። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ዌብኤስዲአር የሚባል ተቀባይ አለው፤ በብሮውዘር ትከፍቱና እዚያ ያለውን አንቴና ከዚህ ሆናችሁ ታዳምጣላችሁ። ፍሪኩዌንሲውን 7074 ኪሎኸርዝ ላይ፣ ሞዱን “ዩኤስቢ” ላይ አድርጉት፤ የኤፍቲ8ን ፉጨት ትሰማላችሁ። (ይህኛው “ዩኤስቢ” ከቻርጀር ገመዱ ጋር አይገናኝም፤ የድምፅ አላላክ ዓይነት ነው።) ከዚያ በሌላ አንድሮይድ ስልክ ላይ “ኤፍቲ8ሲኤን” የሚባለውን አፕ ጫኑና ማይኩን ወደ ድምፁ አስጠጉት። የጥሪ ምልክቶች መደርደር ይጀምራሉ። ድምፁ በኢንተርኔት ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን ያስገርማል።

“ፒኤስኬ ሪፖርተር” የሚባለው ካርታ ደግሞ ማን ማንን እየሰማ እንደሆነ ወዲያውኑ ያሳያል። ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አልፎ አልፎ የሚላኩ ሥዕሎችን ከድምፅ ወደ ምስል የሚቀይረው “ሮቦት36” ም በስልክ ይሠራል።

አያቴ ያውቀው የነበረ ነገር

አያቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ዜና ሲያዳምጥ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። “አያ፣ ምን ሆኖ ነው?” ስለው “ዛሬ አየሩ አልጠራም፣ ልጄ” ይለኝ ነበር። አልተሳሳተም፤ አየሩ ግን እኛ የምንተነፍሰው ሳይሆን ከላይ ያለው አዮኖስፌር ነው። ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ሌሊት ይሳሳል፣ ሞገዱም በዚያ ልክ ይነጥራል ወይም ያልፋል። ፀሐይ ራሷ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ትበረታለች፣ ትደክማለች።

“ቮአካፕ” የሚባለው ፕሮግራም ይህን አስልቶ፣ ከዚህ ቦታ ወደዚያ ቦታ በስንት ሰዓት የትኛው ሞገድ እንደሚሻል ይነግራችኋል። የስሙ የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ምን እንደሆኑ ገምቱ፤ የአሜሪካ ድምፅ! ጣቢያው የአጭር ሞገድ ሥርጭቱን ለማቀድ ያሠራው ነው። የአያቶቻችንን ማታ የወሰነው ስሌት ዛሬ በብሮውዘር በነፃ ይገኛል።

ዲሽ ያለው ሰው

በ2018 በፈረንጆች የተወነጨፈው የኳታር ሳተላይት “ኢስሃይል-2” ላይ ለአማተሮች የተመደበ ክፍል አለ። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያለውን ይሸፍናል። ከአቀስታ ሲታይ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ ወደ 70 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ አናት ላይ ማለት ይቻላል። ተራ ዲሽና ኤልኤንቢ፣ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባል ፍላሽ የሚያህል ተቀባይ፣ “ኤስዲአር ፕላስ ፕላስ” የሚባለው ፕሮግራም ካለ ንግግሩን ማዳመጥ ይቻላል። አንድ ችግር፦ የተራ ኤልኤንቢ ፍሪኩዌንሲ በሙቀትና በብርድ ይንሸራተታል። የአቀስታን የጥቅምት ሌሊት የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

እስካሁን ያወራነው ስለ ማዳመጥ ነው። መላክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይሞከርም። ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዎኪ ቶኪ የሚመስል ነገር ከኦንላይን አዝዞ ወይም ከሰው ገዝቶ በዚህ ጊዜ ይዞ መዞር ደግሞ ራስን ችግር ውስጥ መክተት ነው። ማንኛውንም መሣሪያ ከመግዛታችሁ ወይም ከማስመጣታችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ።

ፈቃድ ግን ለማያውቅ ሰው አይጠቅምም። ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ከገጠር ቀበሌ ምጥ የያዛት እናት ወደ ሆስፒታል መድረስ ሲኖርባት “ኧረ ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው” ቢባል፣ በዚያች ሌሊት ተምሮ የሚደርስ የለም። ሙያው ቀድሞ መኖር አለበት።

ስለዚህ ሐሳቤ ትንሽ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ ክፍል ያላችሁ፣ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስን ኔት ባለበት ቦታ በፍላሽ አውርዳችሁ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት። ከተጫነ በኋላ ለመሥራት ዳታ አይበላም። የተቀዳ የኤፍቲ8 ድምፅ ካገኛችሁም ያለ ሬዲዮ ከፍቶ ያነበዋል። አምስት ልጆች ከፊዚክስ መምህራቸው ጋር ሳምንት አንድ ቀን ቢሰበሰቡ ክለብ ነው። ክለቡ ሲበረታ የፈቃዱን ጥያቄ በወረቀት ይዞ ይሄዳል።

“ኬኬ90” ካርታው ላይ አለ። የሚመልስ ሰው ነው የሚቀረው።