ከፊርማው በፊት

በምዝገባ ሳምንት የቢሮዬ በር እንደተከፈተ ነው የሚውለው። ተማሪዎች ስሊፓቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ወንበር ሳይስቡ «ዶክተር፣ ፊርማ ብቻ ነው» ይላሉ። ለብዙ ዓመታት እኔም ከእነሱ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም። አማካሪ ማለት በተማሪውና በሬጅስትራሩ መስኮት መካከል ያለ እስክሪብቶ ይመስለኝ ነበር። ይህን ያስጣለችኝ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ድሮፕ ልታደርግ መጣች። ሴሚስተሩ ከብዷታል፤ የመጀመሪያው ኩዊዝም አልሆነላትም። «በሚቀጥለው በደንብ ተዘጋጅቼ እወስደዋለሁ» አለችኝ። የምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ሰልፉ አላለቀም፤ ፈረምኩላት። ያ «በሚቀጥለው» መቼ እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም።

ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። እኛ ዘንድ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በሁለተኛው ዓመት፣ ባዮኬሚስትሪ በሦስተኛው፣ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ በአራተኛው ዓመት ይመጣሉ፤ ሦስቱም በመጀመሪያው ሴሚስተር። አንዱን ያላለፈ ሌላውን አይመዘገብም። ስለዚህ ድሮፕ ያደረገችው አንድ ኮርስ ቢሆንም የገፋችው ሦስቱንም ነው። ጓደኞቿ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ ገና አንድ ዓመት ይቀራት ነበር። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ሰፈር ውስጥ «ወደቀች» ነው የተባለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እኔ በሩጫ ያስታጠቅኋት ነው የተፈታባት።

ከዚያ ወዲህ ከፊርማው በፊት አንድ ባዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ተማሪው ከታች፣ ከምረቃው ሴሚስተር ይጀምርና ወደ ላይ ይቆጥራል። ይህ ኮርስ እንዲወሰድ የትኛው መቅደም አለበት? እሱስ የሚሰጠው በየትኛው ሴሚስተር ነው? የቀደመው ቢወድቅ መልሶ መውሰጃ ጊዜ አለ ወይስ የለም? አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ብዙዎቹ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ የያዙትን ስሊፕ እንደገና ያዩታል።

«ካሪኩለሙ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፤ እኛ ምን እናቅዳለን?» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ የኮርሶቹን ዝርዝር እኛ አንመርጥም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ወደ ጋራ ትምህርት ተመልሷል፤ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂና እንግሊዝኛ ከጠቅላላ ባዮሎጂና ከኬሚስትሪ ጋር ይወሰዳሉ። ለባዮሎጂው የሚተርፉት ስድስት ሴሚስተሮች ናቸው። ሁሉንም ኮርስ በጊዜው ላለፈ ሰው ዝርዝሩ ራሱ ዕቅድ ነው። አንድ ኤፍ ላገኘ፣ ታሞ ዊዝድሮው ለሞላ፣ ከሌላ ዲፓርትመንት ለተዛወረ ግን ዝርዝሩ ዕቅድነቱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያዋጣው ባዶው ወረቀት ነው።

ቅደም ተከተሉን እኛ አስተማሪዎቹም እንስተዋለን። የጄኔቲክስ ላብራቶሪ የምንሠራው የበሰለ ሙዝ ላይ በሚያንዣብበው ትንሽ ዝንብ ነው። ክንፈ ረዥሙን ክንፉ ካልተሟላው ጋር እናዳቅላለን። የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ክንፈ ረዥም ይወጣል፤ እነሱን እርስ በርስ ስናዳቅል የሁለተኛው ትውልድ ሦስት ለአንድ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን። አንድ ቡድን ቆጥሮ 78 ክንፈ ረዥምና 34 ክንፈ አጭር አገኘ። ድምሩ 112 ነው፤ ሦስት ለአንድ ቢሆን 84 እና 28 በመጣ ነበር። ጠረጴዛቸው አጠገብ ስደርስ ጸሐፊያቸው 78ቷን በላጲስ እያጠፋ አገኘሁት።

«ምነው?» አልኩት።

«ሳንሳሳት አልቀረንም፣ ዶክተር» አለኝ፤ ወረቀቱን በእጁ ሸፈን አድርጎ።

አልተሳሳቱም ነበር። በ78 እና በ84 መካከል ያለው ልዩነት ዕድል ብቻውን ሊያመጣው የሚችል ነው። ካይ ስኩዌር ሲሠራ ውጤቱ ወደ 1.7 ግድም ይሆናል፤ ልዩነቱ ከዕድል ያለፈ ነው ለማለት ግን ከ3.84 መብለጥ ነበረበት። ልጁ አጭበርባሪ አልነበረም። ቆጠራው ልክ መሆኑን የሚነግረው ኮርስ፣ ባዮስታትስቲክስ፣ በእኛ አደላደል የተቀመጠው ከዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ስታትስቲክስ የሌለው ተማሪ ዝንቡንና መጽሐፉን ሲያስተያይ መጽሐፉን ያምናል፤ ዝንቡን ያርማል። በአራተኛው ዓመት ለመመረቂያ ሥራው መረጃ ሲሰበስብም ይኸው እጅ ነው የሚሠራው። ኮርሱን ከቦታው ማንቀሳቀስ ባንችልም፣ አሁን ከመጀመሪያው ድቀላ በፊት ሁለት ሰዓት ወስደን ካይ ስኩዌርን ሰሌዳ ላይ እንሠራለን። ላጲሱን ዳግመኛ አላየሁትም።

ዝንቡ ራሱም ቀጠሮ አለው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዝንብ አሥር ቀን ያህል ይበቃዋል፤ በ18 ዲግሪ ግን ወደ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይወስዳል። የደጋ ከተማ፣ መብራት የሚጠፋበት ላብራቶሪ ከሆነ ሁለት ትውልድ ለማየት ከአንድ ወር በላይ መያዝ ያስፈልጋል። ድቀላውን ከሚድ በኋላ የሚጀምር አስተማሪ ዝንቦቹን የሚቆጥረው በፋይናል ሰሞን ነው። ጊዜው ሲያልቅበት ደግሞ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ያስገለብጣል።

ከሁሉ የባሰው የዕፅዋት ምደባ ኮርስ ነው። አደይ አበባ የሬጅስትራር ካሌንደር አያይም፤ መስከረምን ጠብቆ ይፈካል፣ ጥቅምት ሲያልቅ የለም። በኮቪድ ጊዜ ካሌንደሩ ከተንሸራተተ በኋላ አንድ ዓመት የመስክ ጉዟችን መጋቢት ላይ ወደቀ። ሠላሳ ተማሪ ይዤ አምና አደይ ወደነበረበት ተዳፋት ወጣሁ፤ ያገኘነው ደረቅ አገዳ ነው። አደይን በእጅ ይዞ በአጉሊ መነጽር ያየ ተማሪ አንድ አበባ የመሰለው ነገር ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው የሠሩት መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጣል፤ የሱፍን አበባ ዘመድነትም ያኔውኑ ይቀበላል። እኛ በዚያ ዓመት ፎቶ ኮፒ ላይ አሳየናቸው። ፈተናውን አለፉ፤ ተክሉን ግን አያውቁትም። አሁን ትምህርቱ እንደተጀመረ፣ ስለ ምደባ አንድም ቃል ሳላስተምር፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰብስበው እንዲያደርቁ እልካቸዋለሁ። ስሙንና ወገኑን በኋላ ክፍል ውስጥ እንደርስበታለን።

ስለ ጫና ብዙ አልልም። ላብ ያለው ኮርስ በስሊፑ ላይ ከሌላው ጋር እኩል ክሬዲት ይዞ ቢታይም፣ አንዱ የላብ ክሬዲት በሳምንት ሦስት ሰዓት ያስቆማል፤ ከዚያም ማታ ሪፖርት አለ። ኤፍ ለማካካስ ብሎ አራት ላብ ያለው ሴሚስተር የሚመዘገብ ተማሪ ሁለተኛውን ኤፍ አብሮ እየተመዘገበ ነው። ሁለት ሆኖ በጊዜው የተያዘ ላብ አራት ሆኖ ከተንጠለጠለ ላብ ይሻላል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላው ጥያቄ «ባዮሎጂ ተመድቤ ኬሚስትሪው ለምኔ ነው?» የሚለው ነው። ብዙዎቹ ወደዚህ የመጡት ጤና ፈልገው ሳይደርሳቸው ቀርቶ ነው፤ ኮርሱን ሁሉ እንደ ቅጣት ያዩታል። ያኔ የእንዶድን ነገር አነሳላቸዋለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ውሃ ውስጥ ሞተው የተንሳፈፉ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ልብሱን ያጠበው ሰው ሁሉ ውሃውን አይቶት ይሆናል። እሳቸው ግን የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በቀንድ አውጣ በኩል መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ቆሙ። የፓራሲቶሎጂ ዕውቀት ዓይናቸውን እዚያ ላይ አሳረፈው፤ የገዳዩን ንጥረ ነገር ማንነት ለማወቅ ኬሚስትሪ፣ ምን ያህል መጠን እንደሚበቃ ለመለካት ስታትስቲክስ ተጠየቀ። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ለሠሩት ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። አንድ ወንዝ ዳር ስንት ኮርስ እንደተገናኘ ተማሪዎቼ ራሳቸው ይቆጥሩታል። ከኮርሶቹ አንዱ ቢጎድል ቀንድ አውጣው ሞቶ ይቀር ነበር እላቸዋለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ሃምሳ ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። ፈተናው በሁለተኛው ዓመት የተማሩትን በአራተኛው ዓመት ይጠይቃል፤ ለሚድ አጥንቶ ከሚድ በኋላ መርሳት ድሮ ያሳልፍ ነበር፣ አሁን አያሳልፍም። በቦታው የተወሰደ ኮርስ ግን የሚቀጥለው ኮርስ ራሱ ያስታውሰዋል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በባዮኬሚስትሪ ዋዜማ የወሰደ ልጅ ለመውጫ ፈተናው ሲቀመጥ ይከልሳል እንጂ አዲስ አይጀምርም።

ያቺ ድሮፕ ያደረገችው ተማሪ ከጓደኞቿ በዓመቱ ተመርቃለች። አሁን አስተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሟን ወደ ቢሮዬ ላከችው፤ እሱ ስሊፑን ሳያወጣ በፊት ከደብተሩ መሀል የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከታች ወደ ላይ የተጻፈ ነበር፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ።

ለቀሪዎቻችሁም የምለው ይህንኑ ነው። ሰልፉ ሳይረዝም፣ ከምዝገባው ሳምንት አስቀድማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። እስክሪብቶውማ አለኝ።