ሶተርን ከተወደደባችሁ ወንዙን ተሻገሩ

«ጣፋጭ ነጭ ወይን ልጀምር ብዬ የሶተርንን ዋጋ ሳይ ደነገጥኩ» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ሶተርን የሚወደደው በምክንያት ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ቀዝቃዛው የሲሮን ወንዝ ውሃ ከጋሮን ወንዝ ሲቀላቀል በመኸር ጉም ይነሳል፤ በጉሙ የሚመጣው ቦትራይቲስ የተባለ ሻጋታ የፍሬውን ውሃ አድርቆ ስኳሩን ያከማቻል። ለቃሚዎችም የደረሰውን ብቻ እየመረጡ ደጋግመው ይመላለሳሉ።

ታዲያ ከጋሮን ማዶ ያሉት የሉፒያክና የሴንት ክሯ ዱ ሞን ወይኖች በዚሁ ዘዴ ተሠርተው በጣም ረክሰው ይሸጣሉ፤ ስማቸው አልገነነማ! ጠጅ የለመደ ምላስ የማር ቃናቸውን ወዲያው ይለየዋል።

ከከበዳችሁ የጣልያኑን ሞስካቶ ዳስቲ ሞክሩ፤ አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ነው።

ከቦርዶዎቹ ጣፋጭ ወይኖች ግን ባለ 375 ሚሊ ሊትሩ ግማሽ ጠርሙስ ይበቃል። አቀዝቅዙት። ከኬክ ጋር ስትጠጡት ኬኩ ከወይኑ በልጦ ከጣፈጠ ወይኑ የኮመጠጠ ይመስላል፤ እኔማ ከሮክፎር አይብ ጋር ነው የምወደው።