የሕዝብ እንደራሴ ድምፅ፥ ሹመትና ጥቅም



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው አነጋገር በአገራችን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ብዙ ጊዜ በቀልድ መልክ ይነሣል፤ በውስጡ ያለው አሳብ ግን ቀልድ አይደለም። ሹመት የሕዝብ አደራ መሆኑ ቀርቶ የግል መከር ነው የሚያሰኝ ነውና። ይህ ፈተና የአንድ አገር ብቻ ስላልሆነ፤ አያሌ መንግሥታት እንደራሴዎቻቸውንና ሹማምንቶቻቸውን ከዚህ ለመጠበቅ ልዩ ልዩ ደንብ አውጥተዋል። ዛሬ የምንናገረው በእንግሊዝ አገር ፓርላማ ስለሚሠራበት ደንብ ነው፤ ይኸውም አንድ እንደራሴ የሰጠው ድምፅ፥ የያዘው ሹመትና ያለው የግል ጥቅም እንዴት እየተጻፈ ለሕዝብ እንደሚገለጽ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ድምፅ እንናገር። ሎንዶን በሚገኘው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት 650 መቀመጫዎች አሉ። አንድ ጉዳይ ለውሳኔ ቀርቦ አባሎቹ ያልተስማሙ እንደ ሆነ፤ ደወል ይደወላል፤ እነርሱም ተነሥተው በሁለት መተላለፊያዎች ይከፈላሉ። የሚደግፉት ከአፈ ጉባኤው በስተ ቀኝ ባለው፥ የሚቃወሙት በስተ ግራ ባለው ያልፋሉ። ከስምንት ደቂቃ በኋላ በሮቹ ስለሚዘጉ የዘገየ ሰው ድምፁን መስጠት አይችልም። ያለፉት ተቈጥረው የእያንዳንዱ ስም ሀንሳርድ በተባለው የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ይታተማል። ምክር ቤቱ ራሱ ይህን የስም ዝርዝር ማውጣት የጀመረው በ1836 ነው።

ነገር ግን ይህ ዝርዝር ሁሉን አይናገርም። ስሙ በሁለቱም ወገን ያልተገኘ እንደራሴ ታምሞ ይሁን፥ በሥራ ጉዳይ ርቆ ይሁን፥ ወይም ሆነ ብሎ ከድምፅ ተቈጥቦ ይሁን፥ ወረቀቱ አይለይም። ድምፁን የሰጠውም በኅሊናው ይሁን በፓርቲው ትእዛዝ አይገልጽም። እያንዳንዱ ትልቅ ፓርቲ የአባሎቹን ድምፅ የሚያሰባስቡ ሰዎች አሉት፤ እነዚህም በየሳምንቱ ለአባሎቹ ማስታወሻ ይልካሉ፤ መቅረት የማይፈቀድበት ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበት ይደርሳቸዋል።

ሁለተኛው ሹመት ነው። ሚኒስትር የሆነ እንደራሴ የመንግሥቱን ውሳኔ በድምፁ መደገፍ ግዴታው ነው፤ ሊደግፍ ካልወደደ ሹመቱን መልቀቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ የአንድን ሰው ድምፅ የሚመረምር ሁሉ፤ ሰውዬው በዚያ ቀን በምን ሥራ ላይ እንደ ነበረ አብሮ ማየት ይገባዋል። ደግሞም ሹመት ሲያልቅ ሁሉ ነገር አያልቅም። በሥልጣን ላይ ሳለ ያገኘው ዕውቀትና የተዋወቃቸው ሰዎች ከእርሱ ጋር ይሄዳሉ፤ ነጋዴዎችም ይህን በገንዘብ ለማግኘት ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው የጥቅም መዝገብ ነው። አንድን ጉዳይ በፓርላማ እንዲያስፈጽም ለእንደራሴ ገንዘብ መስጠት ከባድ ወንጀል ነው ተብሎ የተወሰነው ገና በ1695 ነበር። ጥቅምን በመዝገብ ማስጻፍ ግን የተወሰነው በ1974 ሲሆን፤ የመጀመሪያው መዝገብ በ1975 ታተመ። በደንቡ መሠረት አዲስ የተመረጠ እንደራሴ በአንድ ወር ውስጥ ከምክር ቤት ውጭ የሚያገኘውን ደመወዝ፥ የተቀበለውን ስጦታ፥ ቤትና መሬቱን፥ በኩባንያ ያለውን ድርሻ፥ መጠናቸው ከተወሰነው በላይ ሲሆን፥ ማስመዝገብ አለበት። በ1994 አንዳንድ እንደራሴዎች ገንዘብ ተቀብለው ለሚኒስትሮች ጥያቄ ያቀርባሉ የሚል ወሬ በጋዜጣ ወጣ፤ በዚህም ምክንያት በሎርድ ኖላን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ባቀረበው አሳብ መሠረት በ1995 ደንቡ ጠነከረ፤ የእንደራሴዎችን ጠባይ የሚመረምር ኮሚሽነርም ተሾመ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ደንቡ ሦስት ደረጃ አለው። ፊተኛው ጥቅምን ማስመዝገብ ነው። ሁለተኛው በጉዳዩ ላይ በተናገሩ ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በጻፉ ጊዜ ያንኑ ጥቅም እንደ ገና መግለጽ ነው። ሦስተኛው ለከፈለ ሰው ጥቅም ሲሉ ጭራሽ አለመማለድ ነው። ፊተኛውን የፈጸመ ሰው ሁለቱን የፈጸመ ይመስለዋል፤ ግን አይደለም።

ለዚህ የሚስተር ኦወን ፓተርሰን ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። እኚህ ሰው ከ1997 ጀምሮ የኖርዝ ሽሮፕሽር እንደራሴ ነበሩ። ከ2010 እስከ 2012 የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር፥ ከዚያም እስከ 2014 የአካባቢ፥ የምግብና የገጠር ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። ከሹመት ከወረዱ በኋላ በሰሜን አየርላንድ ለሚገኙ ለሁለት ኩባንያዎች በደመወዝ አማካሪ ሆኑ። አንደኛው ራንዶክስ የተባለ የሕክምና ምርመራ ኩባንያ ነው፤ ሁለተኛው ሊንስ ካንትሪ ፉድስ የተባለ ሥጋ አዘጋጅ ነው። ከሁለቱ የሚያገኙት በዓመት ከ100,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ይህ ገንዘብ በመዝገብ ተጽፎ ነበር፤ ማንም ሰው ሊያነበው ይችል ነበር።

ሆኖም ኮሚሽነሯ ካትሪን ስቶን ባደረጉት ምርመራ፤ ሚስተር ፓተርሰን ስለ ሁለቱ ኩባንያዎች 14 ጊዜ ወደ ምግብ ደኅንነት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትና ወደ ውጭ አገር ልማት ሚኒስትሮች መቅረባቸውን አገኙ። ለባለሥልጣኖች በጻፉአቸው አራት ኢሜይሎችም የኩባንያው ደመወዝተኛ መሆናቸውን አልገለጹም ተባሉ። እርሳቸው ግን የተናገርኩት ስለ ወተትና ስለ ሥጋ ደኅንነት፥ ለሕዝብ ጤና ስል ነው፤ ምስክሮቼም በቃል አልተሰሙልኝም ብለው ተከራከሩ። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ፥ በኦክቶበር 2021 ለ30 የስብሰባ ቀናት ከምክር ቤት እንዲታገዱ አሳብ አቀረበ።

ኖቬምበር 3 ቀን 2021 ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ። የመንግሥቱ ፓርቲ፥ እርሱም የሚስተር ፓተርሰን ፓርቲ፥ ቅጣቱ እንዲዘገይና የምርመራው ደንብ ራሱ እንደ ገና እንዲታይ አባሎቹን አዘዘ። በ250 ድምፅ ለ232 ይኸው አሳብ አለፈ። ነገር ግን የእያንዳንዱ ስም ታትሞ ስለ ነበረ መራጩ ሕዝብ እንደራሴው ወዴት እንዳለፈ ወዲያው አወቀ። ቍጣው በረታ፤ መንግሥቱም በማግሥቱ አሳቡን ለወጠ፤ ሚስተር ፓተርሰንም በዚያው ቀን ከእንደራሴነት እንደሚለቁ ገለጹ። በዲሴምበር 16 በተደረገው ምርጫ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ፓርቲያቸው በ22,949 ድምፅ ብልጫ ያሸነፈበትን ስፍራ የሊበራል ዲሞክራቶች እጩ በ5,925 ብልጫ ወሰዱት።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? የድምፁ ዝርዝር ብቻውን ምክንያትን አይናገርም። የሹመቱ ታሪክ ብቻውን ጥፋትን አያስረዳም፤ ሚኒስትር የነበረ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለምና። የጥቅሙ መዝገብም ብቻውን ንጽሕናን አይሰጥም። ሦስቱ ጐን ለጐን ሲነበቡ ግን አንድን ጥያቄ ለማቅረብ ያስችላሉ፤ ይኸውም፦ ይህ ሰው ይህን የተናገረው፥ ወይም ይህን የወሰነው፥ ለማን ብሎ ነው? የሚል ነው። መዝገብ ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርድ የሚሰጥ ሰው የሚያነበውን ነገር ግን ያዘጋጃል።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን በ2002 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቍጥር 668 ተመራጮች፥ ተሿሚዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ደንግጎአል። ቅጹን የሞላ ሠራተኛ ግዴታዬን ጨረስሁ ብሎ ሊያስብ ይችል ይሆናል። ዳሩ ግን የወንድሙ ኩባንያ የጨረታ ሰነድ ጠረጴዛው ላይ በሚደርስበት ቀን፤ ባለፈው ዓመት የሞላው ቅጽ ስለ እርሱ አይናገርለትም። በዚያ ቀን ለአለቃው ቀርቦ፥ «ይህ ጉዳይ የሚነካኝ ስለ ሆነ ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ» ማለት ያለበት ራሱ ነው። ይህን ለማለት ጥቂት ቃል ይበቃል፤ ሳይሉት ቀርተው በኋላ ለማስረዳት ግን ብዙ ወረቀት አይበቃም።